ባሕር ዳር ወደብ ሄደን ያየነው

በዕረፍታችን ጊዜ ሦስት አስተማሪዎች ሆነን ባሕር ዳር ሄድን። ከአቃቂ ስንነሣ ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ ገበሬ፣ «ወደብ እዩልኝ» አሉን። «ከጅቡቲ ዕቃ የጫኑ መኪናዎች በቃሊቲ ሲያልፉ ዕድሜዬን ሙሉ አየሁ። ወደብ ግን አይቼ አላውቅም።»

የጅቡቲ ወደብ ሩቅ ነው። የጣና ወደብ ግን እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው። ያየነውን እንንገራችሁ።

ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዳር ቆሞ ማዶውን ማየት አይቻልም። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፤ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ዓባይ የሚወጣው ከዚሁ፣ ከባሕር ዳር አጠገብ ነው። የእኛ የአቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ ከዚያ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር ላይ ይቀራል። ዓባይ ግን ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ባሕር ይገባል።

ጠዋት ወደቡ ገበያ ይመስላል። አንዱ ይጫናል፣ አንዱ ይራገፋል። ከዘጌ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይመጣል። ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ያወርዳሉ። ትልልቅ ነጫጭ ወፎች የዓሣ አንጀት ለመልቀም ይጋፋሉ፤ ሰው አይፈሩም። ትልቁ ጀልባ በደቅ ደሴት በኩል እስከ ጎርጎራ የሚሄደው ነው።

እኛን በጣም የገረመን ግን ታንኳው ነው። የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ውሃ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ቆርጠው ያደርቁትና ያስሩታል። ምስማር የሚባል ነገር የለውም። በዚህ ሙያ ነገደ ወይጦዎች የታወቁ ናቸው። ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። በ1962 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው ከጣና በተወሰደ ደንገል ትልቅ ጀልባ አሠርቶ፣ ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክ ውቅያኖስን ተሻግሯል። ከእኛ አንዱ ታንኳ ላይ ልውጣ ብሎ እስከ ጉልበቱ ውሃ ገባ። የሳቀበት ሕፃን ብዙ ነው።

የአባ ሳሙኤልን ውሃ የሚያለብሰውን እምቦጭ ታውቁታላችሁ። ጣናም ገብቷል። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ለጀልባም ለዓሣ አጥማጅም መንገድ ይዘጋል። አበባው ያምራል፤ ጠባዩ ግን ክፉ ነው።

በማግሥቱ በትንሽ የሞተር ጀልባ ዘጌ ሄድን። ቸግሮን የነበረው ስንመለስ ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል። ጀልባው ሞልቷል፤ ጆንያ አለ፣ እንጨት አለ። ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም «የመጫን ልክ 20 ሰው» ተብሎ ተጽፏል። ቆጠርን። 31 ነን። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ ስድስት ብቻ ነው።

አጠገባችን ሁለት ዶሮ የያዙ እናት ተቀምጠዋል። ጽሑፉን አዩና፣ «ልጆቼ፣ ያ ምን ይላል?» አሉን።

«የጀልባው ስም ነው፣ እማማ» አልናቸው።

ለምን እንደዚያ እንዳልን እስከ ዛሬ እንከራከራለን። አንዳችን «እሳቸውን እንዳናስፈራ ነው» ይላል። ውሸቱን ነው። እውነቱን ብንናገር እኛም መውረድ ይኖርብናል፤ ሌላ ጀልባ ደግሞ አልነበረም።

መሀል ስንደርስ ማዕበል ተነሣ። ውሃው በጎን እየዘለለ ገባ። ረዳቱ በተቆረጠ ጀሪካን ይቀዳል። እናትየዋ ዶሮዎቹን በነጠላቸው ሸፍነው ኪዳነ ምሕረትን ይጠራሉ። እኛ ያን ቀይ ጽሑፍ ላለማየት ዓይናችንን ወደ ሌላ አዞርን። እንደምንም ደረስን።

ወደቡ ላይ ስንወርድ እውነቱን ነገርናቸው። አልተቆጡም። «ብትነግሩኝ ወርጄ አድር ነበር። ዘጌ ዘመድ አለኝ እኮ» አሉና ዶሮዎቻቸውን ይዘው ሄዱ።

አቃቂ ተመልሰን ስለ ቡናው፣ ስለ ታንኳው፣ ስለ ወፎቹ ለክፍሉ አወራን። ይህንንም አልደበቅንም። ሰሌዳው ላይ «የመጫን ልክ 20 ሰው» ብለን ጻፍን። ሁሉም ጮክ ብለው አነበቡ።

«እናንተስ ስንት ነበራችሁ?» አሉ እኒያ አባት።

«31።»

ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን።

ሰኞ ዕለት አርፍደው መጡ፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። «ታክሲው በር ላይ ጽሑፍ አየሁ» አሉ። «‹የመጫን ልክ 12 ሰው› ይላል። ቆጠርኩ፤ 17 ሆነናል። ለረዳቱ አነበብኩለት።»

«ከዚያስ?»

«ሳቀብኝ። ወረድኩና በእግሬ መጣሁ።»