ያለ ዓይንና ያለ እጅ ድረ ገጽ መፈተሽ

የእኔ ሥራ ከኮምፒውተር ጋር ማውራት፣ ኮምፒውተሩ ሲያወራም ማዳመጥ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው እንዲህ ብዬ ስመልስ ብዙዎች ይስቃሉ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የምሠራው ድረ ገጾችና የስልክ አፖች ለአካል ጉዳተኞች የሚያገለግሉ መሆናቸውን መፈተሽ ነው፤ በሙያው ቋንቋ የተደራሽነት ፍተሻ ይባላል። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አንዱ ክፍሉ ብቻ ነው። ስክሪን የሚያነብ ፕሮግራምና ንግግር የሚሰማ ፕሮግራም አንድ ላይ ተከፍተው ስለሚደረገው ፍተሻ።

አስቀድሜ ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስክሪን ሪደር ማየት ለተሳነው ሰው ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። በጣም ከታወቁት አንዱ የሆነውን ጆስን የጀመሩት ቴድ ሄንተር፣ በ1978 በመኪና አደጋ የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ አሜሪካዊ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነበሩ። በነፃ የሚገኘውን ኤንቪዲኤን ደግሞ በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ መሥራት የጀመረው ራሱም ማየት የተሳነው ማይክል ከራን ነው። አይፎን ከ2009 ጀምሮ ቮይስኦቨር የተባለ የራሱ አንባቢ አለው።

ሁለተኛው ዓይነት የሰውን ንግግር ሰምቶ የሚጽፍና የሚታዘዝ ፕሮግራም ነው። ጄምስና ጃኔት ቤከር የተባሉ ባልና ሚስት በመሠረቱት ኩባንያ የተሠራው ድራገን ሰው እንደ ልቡ እየተናገረ እንዲያጽፍ ያስቻለው ከ1997 ጀምሮ ነው። እጁ የተጎዳ፣ የሚንቀጠቀጥበት ወይም ኪቦርድ መንካት የሚያመው ሰው «ይህን ክሊክ አድርግ»፣ «ወደ ታች ውረድ» እያለ ይሠራበታል። አይፎን ላይ ቮይስ ኮንትሮል የሚባለው ከ2019 ጀምሮ ይህንኑ ያደርጋል።

እንግዲህ አንዱ ለዓይን፣ ሌላው ለእጅ ምትክ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚፈትሹት በመጀመሪያው ብቻ ነው። ስክሪን ሪደሩ ገጹን በትክክል ካነበበው «ተደራሽ ነው» ብለው ያልፋሉ። ይህ ለምን እንደማይበቃ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ድረ ገጽ ላይ ያለውን በተን ስም የሚያወጣለት ግን ፕሮግራመሩ ነው፤ አንዳንዴም ሁለት ስም ያወጣለታል። አንደኛው ስክሪኑ ላይ በዓይን የሚታየው ነው። ሁለተኛው ኮዱ ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠው ነው። ስክሪን ሪደር የሚያነበው የተደበቀውን ነው። በንግግር የሚታዘዘው ፕሮግራምም የሚፈልገው ያንኑ የተደበቀውን ስም ነው። የሚናገረው ሰው ግን የሚጠራው በዓይኑ ያየውን ነው።

አንድ መድኃኒት የሚታዘዝበት ድረ ገጽ ስንፈትሽ ያጋጠመን ይህ ነበር። ገጹ እንግሊዝኛ ነው፤ ስሞቹን በአማርኛ ልንገራችሁ። በተኑ ላይ የተጻፈው «ላክ» ነው። ኮዱ ውስጥ የተሰጠው ስም ግን «የመድኃኒት ጥያቄዎን ያስገቡ» የሚል ነው። ማየት የተሳነው ባልደረባዬ በስክሪን ሪደር ሲያዳምጠው «ግልጽ ነው» ብሎ አለፈ፤ እውነቱን ነበር። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ «ላክን ክሊክ አድርግ» አልኩ። ምንም የለም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አሁንም ዝም። ፕሮግራሙ «ላክ» የሚባል ነገር ስለማያውቅ ቢጠሩት አይሰማም። እጁ የማይታዘዝለት ሰው በተኑን እያየው፣ በስሙ እየጠራው፣ እደጅ ቆሞ ይቀራል።

የሚገርመው ይህ የተደረገው በክፋት አይደለም። ፕሮግራመሩ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ይብራራላቸው ብሎ ነው ረጅሙን ስም የጨመረው። ለአንዱ የተከፈተው በር በሌላው ላይ ተዘጋ። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በሰኔ 2018 ሲሻሻል ለዚህ አንድ ደንብ አካትቷል፤ ቁጥሩ 2.5.3 ነው። በዓይን የሚታየው ጽሑፍ ኮዱ ውስጥ ባለው ስም ውስጥ መገኘት አለበት ይላል። ደረጃው የመጀመሪያው፣ ማለትም ከሁሉ በፊት መሟላት ያለበት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ስሙን «ላክ፣ የመድኃኒት ጥያቄ» ብሎ ማስተካከል። ስክሪን ሪደሩም ያብራራል፣ የሚናገረውም ሰው ይሰማለታል። የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። «ሁለቱን ለየብቻ ከፈተሽናቸው አይበቃም? ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚፈልግ ሰው አለ?» አለ። አንዷ የእኔ አክስት ናቸው።

አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ግላኮማ የዓይናቸውን ብርሃን ቀስ በቀስ ወሰደው። በዚያ ላይ የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቻቸውን ስላጎበጠባቸው ስልክ መነካካት ያማቸዋል። ቮይስኦቨር ደግሞ በተለመደው አጠቃቀሙ የሚሠራው በጣት ነው። ወደ ቀኝ ጠረግ፣ ሁለት ጊዜ ነካ፣ በሦስት ጣት ወደ ላይ ገፋ። ስለዚህ መድኃኒት የሚያዝዙላቸው፣ የላብራቶሪ ውጤት የሚያነቡላቸው ልጆቻቸው ነበሩ። አንድ ቀን ቡና ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «የእኔ ልጅ፣ ምስጢር ኖሮኝ አይደለም። ግን ሐኪሜ የጻፈልኝን ነገር ከእኔ በፊት ልጄ ማንበብ አለበት? ክፉም ከሆነ መጀመሪያ እኔ ልስማውና ልዘንበት። ከዚያ ለእነሱ የምነግራቸውን እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እሺ እትዬ፣ እንሞክራለን» አልኳቸው። ስልካቸው ላይ ሁለቱንም ከፈትኩላቸው። እንደ አጋጣሚ አይፎን በ2020 ባወጣው ማሻሻያ ሁለቱ አብረው እንዲሠሩ የሚያግዙ ትእዛዞች ተጨምረዋል፤ ጣት ሳይነካ «ሁሉንም አንብብ» ማለት ይቻላል። ኮምፒውተር ላይም ጆስንና ድራገንን ለማገናኘት ጄ-ሴይ የተባለ ፕሮግራም ተሠርቷል። ሁለቱን አብሮ መክፈት ግን የራሱ ፈተና አለው።

የመጀመሪያው ጫጫታ ነው። ስልኩ ጮክ ብሎ ሲያነብ ማይኩ ይሰማዋል፤ የራሱን ንባብ የአክስቴ ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል። ለዚህ ማይክ ያለው ኤርፎን ገዛንላቸው፤ ንባቡ ጆሯቸው ውስጥ ይቀራል፣ ማይኩ የሚሰማው እሳቸውን ብቻ ነው። ረጅም ነገር ሲያዳምጡ ወይም ከሰው ጋር ሲያወሩ ደግሞ ማይኩን «ተኛ»፣ ሲፈልጉት «ንቃ» የሚሉበትን የእንግሊዝኛ ቃል ለመዱ።

ሁለተኛው ማምለጫ መንገዱ መዘጋቱ ነው። በንግግር የሚሠራና ዓይኑ የሚያይ ሰው የበተኑ ስም ቢጠፋበት «ቁጥሮችን አሳይ» ይላል፤ በያንዳንዱ በተን ላይ ቁጥር ይወጣለታል፤ «ሰባት» ብሎ ይገባል። ለአክስቴ ግን የማይታይ ቁጥር ምን ይሠራል? ማየት የተሳነውና እጁ ጤነኛ የሆነ ሰው ደግሞ ስሙ የተበላሸውን በተን በኪቦርድ ደርሶ ይጫነዋል። አክስቴ ያም የላቸውም። አንዱ ችግር ብቻ ያለበት ሰው በጎን የሚያልፈው ጥፋት ሁለቱም ላለበት ሰው ግድግዳ ነው።

ሦስተኛው የሰማውን ማረጋገጥ ነው። በእንግሊዝኛ አሥራ አምስትና አምሳ ድምፃቸው ይቀራረባል። አክስቴ 15 ብለው ስልኩ 50 ቢጽፍ በዓይን አይይዙትም። ጉዳዩ የመድኃኒት መጠን ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ገጹ የተጻፈውን መልሶ ማንበብ፣ ከመላኩ በፊትም «ያዘዙት ይህ ነው፣ ልክ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

አራተኛው ሰዓት ነው። መስማት፣ መናገር፣ ደግሞ መስማት ጊዜ ይወስዳል። ቅጹን ግማሽ ላይ ሲደርሱ ገጹ ጊዜ አልቋል ብሎ ያስወጣቸው ነበር። መመሪያው ስለዚህም ይናገራል። አንዱ የሚፈቅደው መፍትሔ ጊዜው ሳያልቅ ማስጠንቀቅ፣ በቀላል ነገር ለማራዘም ቢያንስ 20 ሰከንድ መስጠትና ቢያንስ 10 ጊዜ ማራዘም ማስቻል ነው።

አሁን መሥሪያ ቤት የምፈትሸው በሦስት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ስክሪኑን አጥፍቼ በስክሪን ሪደርና በኪቦርድ እሠራለሁ። በሁለተኛው ስክሪኑን አብርቼ፣ እጄን ሰብስቤ በንግግር ብቻ እሠራለሁ። በሦስተኛው ስክሪኑም ይጠፋል፣ እጄም ይሰበሰባል፣ ሁለቱም ፕሮግራሞች ይከፈታሉ። በዚህ በሦስተኛው ዙር ከሁሉ በላይ የማዳምጠው ዝምታን ነው። «ላክ» ብዬ ከተናገርኩ በኋላ ገጹ ምንም ካላለኝ ተልኳል? አልተሰማም? ወይስ በቀይ ቀለም «ስልክ ቁጥር ይጎድላል» ብሎ ጽፎ እኔ ሳላየው ቀርቶ ነው? በዓይን የሚታይ መልእክት ሁሉ ለስክሪን ሪደሩም መድረስ አለበት። አለበለዚያ ሰውየው ደጋግሞ «ላክ፣ ላክ» እያለ አንዱን መድኃኒት ሦስት ጊዜ ያዝዛል።

አንድ ነገር ግን አልሸሽግም። የእኔ ፍተሻ የባለቤቱን ፍተሻ አይተካም። ሲያቅተኝ ስክሪኑን አበራለሁ፤ አክስቴ የሚያበሩት ነገር የለም። ስለዚህ ሥራው ከማለቁ በፊት በዚህ ሁኔታ የሚኖሩ ሰዎች፣ ለድካማቸው ተከፍሏቸው፣ እንዲሞክሩት ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

የቋንቋችንንም ነገር ላንሣ። አክስቴ ስልካቸውን የሚያዝዙት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሀገር ቤት ቅላጼያቸው ስላለ አጫጭርና የተለመዱ ስሞች ይሰሙላቸዋል፣ ረጃጅሞቹ ይሰናከሉባቸዋል። ጉግል በ2017 አማርኛን በንግግር ከሚጻፉ ቋንቋዎች ጋር ሲጨምር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለቤተሰብ መልእክት ዛሬም በእሱ አጽፋለሁ። ግን የእኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። በተኑ ላይ «ሥራ» ተብሎ ተጽፎ የሰማው ፕሮግራም «ስራ» ብሎ ቢጽፈው፣ ፊደል ከፊደል ብቻ የሚያስተያይ አፕ አላገኘሁትም ይላል። በአማርኛ በድምፅ የሚታዘዝ ነገር የሚሠሩ ወጣቶቻችን ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥሩ ከወዲሁ ቢያስቡበት መልካም ነው። የአማርኛ ድረ ገጽ ያላችሁም ኮዱ ላይ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን አስመዝግቡ። ያ ከሌለ እንግሊዝኛ አንባቢው ፊደላችንን ዘሎ ሊያልፈው ይችላል።

የአክስቴ ነገር ግማሽ መንገድ ላይ ነው። የመድኃኒቱ ድረ ገጽ ስሞቹን ካስተካከለ በኋላ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ራሳቸው ያዝዛሉ። የላብራቶሪ ውጤት የሚያዩበት ሌላው ገጽ ግን እስካሁን አልታረመም፤ ደብዳቤ ጽፈን መልስ እየጠበቅን ነው። ደብዳቤውን ያጻፉት እሳቸው ናቸው፣ በንግግር።

ከእናንተ መካከል የሱቅ፣ የዕድር፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ድረ ገጽ የሚያስተዳድር ካለ አሥር ደቂቃ ያህል ይስጠኝ። ስልካችሁ ላይ የተደራሽነት ክፍሉን ክፈቱና መጀመሪያ ቮይስ ኮንትሮልን ወይም የአንድሮይዱን ቮይስ አክሰስ አብሩ። የገጻችሁን በተኖች አንድ በአንድ በሚታየው ስማቸው ጥሩ። የማይመልስላችሁን ጻፉት። ከዚያ ኤርፎን አድርጋችሁ ስክሪን ሪደሩን ጨምሩ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ እጃችሁን አጣጥፉ፤ አንድ ነገር ለማዘዝ ወይም መዋጮ ለመክፈል ሞክሩ። የተሰናከላችሁበትን ዝርዝር ገጹን ለሠራላችሁ ሰው ላኩለት፤ ከየትኛው እንደሚጀምር ከጠየቃችሁ ከስሞቹ ይጀምር በሉት።