የፎቶግራፍ አንሺው መስኮት

ሰው ያጣውን ነገር በጠፋበት ስፍራ መፈለጉ ልማዱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 በቼኮች አገር የተወለደው ዝነኛው ፎቶግራፍ አንሺ ዮሴፍ ሱዴክም እንዲሁ አደረገ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኢጣልያ ግንባር ቆስሎ ቀኝ እጁን አጥቶ ነበርና፥ በ1926 ከሙዚቀኞች ወዳጆቹ ጋራ ወደዚያ አገር በሄደ ጊዜ ከመካከላቸው ተለይቶ የቆሰለበትን ስፍራ ፈልጎ አገኘ፤ እጁ ግን በዚያ አልነበረም። ወደ ፕራግ ተመልሶ ከዚያ ወዲህ ርቆ መሄድን ተወ።

አገሩ በጀርመኖች እጅ ሳለች፥ በ1940 ከእንጨት በተሠራችው የሥራ ቤቱ መስኮት ፊት መሣሪያውን አቆመ። እስከ 1954 ድረስም ያንኑ መስታወትና ከውጭ የቆመውን ጠማማ ዛፍ ደጋግሞ አነሣ። በብርድ ወራት አመዳይ መስታወቱን ይጋርደዋል፤ በጸደይ ዛፉ ይለመልማል፤ በዝናብ ጊዜ ነጠብጣቡ እንደ እንባ ይወርዳል። በዚህ መካከል ጦርነቱ አለፈ፤ መንግሥትም ተለወጠ።

ቅጠል በወራቱ ይመለሳል፤ የተቈረጠ እጅ ግን አይመለስም። ሱዴክ የጠፋውን መፈለግ ትቶ፥ በቀረችው በአንዲት እጁ በፊቱ ያለውን በትዕግሥት ተመለከተ፤ በ1976 እስኪያርፍም ድረስ ከሥራው አልተለየም። ቤት ማለትም ምናልባት ይህ ነው፤ የጐደለው ሳይሞላ፥ የቀረውን ይዘው የሚነጋውን የሚጠብቁበት ስፍራ።