ባለሱቁ የማይጫወትበት ጌም

ስለ ፕሌይስቴሽን ቤት ስናወራ ሁለት ዓይነት ሰው ነው ያለው። አንደኛው «ልጆቻችንን አበላሸብን፣ ይዘጋልን» ይላል፤ ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር በአንድ ትንፋሽ ይጠራዋል። ሁለተኛው «ምን አለበት፣ ልጅ አይደሉ? ይጫወቱ» ይላል። ሁለቱም የማያነሱት ጥያቄ ግን አለ፦ ለመሆኑ ልጆቹ የሚጫወቱት ጌም ምን ይላል? ምኑ ጥሩ ነው? ምኑስ ነው የጎደለው?

ይህን ጥያቄ ለብቻው ሲያብላላ የኖረ አንድ ሰው ቡራዩ አለ። ሠላሳዎቹን የጀመረ ጎልማሳ ነው። አሸዋ ሜዳ አካባቢ አራት ቴሌቪዥን የተደረደረበት ጠባብ ጌም ቤት አለው። ያደገው ግን በጅማ መንገድ በኩል፣ ሰበታ ዓለም ገና ነው። አጎቱ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ይኖራሉ። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የዚህ ሰው ነገር የሚያልፈውም በሦስቱ በኩል ነው፦ ጌሙን ሰበታ ተጫወተው፣ ፊልሙን ሱሉልታ አየው፣ ቡራዩ ላይ ደግሞ ያስጫውተዋል።

በ2001 ዓ.ም. ገደማ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ሁለት ማሽን ነበረው። አንደኛው ለኳስ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል። ሁለተኛው በሰዓት ይከራያል። አብዛኛው ልጅ በሰዓት ሲይዝ የሚያስከፍተው ጂቲኤ ነበር። እሱ አንድ ቀን ከዲስኮቹ መሐል በእስክሪብቶ ስሙ የተጻፈበት ሌላ ዲስክ አገኘ፦ «ዘ ጎድፋዘር»። ፊልም እንዳለው አያውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ስለ ጌሙ። ፊልሙ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ማሪዮ ፑዞ በ1969 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ልብ ወለድ ተነስቶ በ1972 ያቀረበው ነው፤ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር አግኝቷል። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የክርስትና አባት» ነው። ጌሙን የሠራው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ሲሆን የወጣው በመጋቢት 2006 እ.ኤ.አ. ነው።

ከፊልም የሚሠራ ጌም በአብዛኛው ስሙ መጥፎ ነው። አታሪ በ1982 ከ«ኢ.ቲ.» ፊልም ተነስቶ ያወጣው ጌም በአምስት ሳምንት ገደማ ተጣድፎ የተሠራ ነበር፤ በዓመቱ ያልተሸጠው ተርፎ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ተቀብሯል። በ1997 የወጣው «ጎልደንአይ» ደግሞ ከፊልም ተነስቶ ግሩም ጌም መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። «ጎድፋዘር» የሚቀመጠው በሁለቱ መሐል ነው። ደካማ ጌም አይደለም። ስህተቱም የሰነፍ ስህተት አይደለም። ለዚህ ነው ማውራት የሚገባው።

ከጥሩ ጎኑ እንጀምር።

ጌሙ ተጫዋቹን ዶን ቪቶን ወይም ማይክልን አያደርገውም። አልዶ ትራፓኒ የሚባል አዲስ ሰው ይሰጠዋል፤ በልጅነቱ አባቱን በባርዚኒ ሰዎች ያጣ የኒውዮርክ ጎረምሳ ነው። አልዶ ፊልሙ ባላሳየን ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። ምግብ ቤቱ መጸዳጃ ውስጥ ሽጉጡን ማን ደበቀ? የፈረሱን ራስ አልጋው ውስጥ ማን ከተተ? ፊልሙ ውጤቱን እንጂ ሠሪውን አያሳይም። ጌሙ «አንተ ነህ» ይላል። ይህ ብልህ ሐሳብ ነው፤ ታሪኩን ሳይነካ ለተጫዋቹ ቦታ ፈልጎለታል።

ድምፁም ላይ ተደክሞበታል። ጄምስ ካንና ሮበርት ዱቫል ተመልሰው የራሳቸውን ገጸ ባሕርያት በድምፅ ሠርተዋል። የኒኖ ሮታ ሙዚቃ አለ። ማርሎን ብራንዶም በ2004 ከመሞቱ በፊት ተቀድቶ ነበር፤ ጤናው ስለተጓደለ ግን አብዛኛው ቅጂ አልሆነም፣ በሌላ ሰው ድምፅ ተተካ። አል ፓቺኖ የለበትም። ማይክል በሌላ ሰው ፊት ይመጣል፤ ፊልሙን ላየ ሰው ይህ ከባድ ጉድለት ነው። የሰበታው ልጅ ግን ፊልሙን ስላላየ አልጎደለበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው የጌሙ ጥንካሬ ግን ሱቆቹ ናቸው። ከተማው ውስጥ ዳቦ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ አበባ ቤት፣ ፀጉር ቤት አለ። ወደ እያንዳንዱ ትገባለህ፣ ባለቤቱን «ጥበቃ» ትሸጥለታለህ፣ በየሳምንቱ እንዲከፍልህ ታስፈራራዋለህ። አንዱ ዕቃው ሲሰበር ይፈራል፣ ሌላው ሲመታ። ፍርሃቱን የሚያሳይ መለኪያ አለ። ሲሞላ ይከፍላል። ካበዛኸው ግን ያመረዋል፤ ይጣላሃል፣ ገንዘቡም ይቀራል። የጌሙ ሠሪዎች እዚህ ላይ አንድ እውነት አግኝተዋል፦ ግብር የሚበላ ጉልበተኛ ሱቁን ማፍረስ አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውዬው ከፈራ በኋላ ነገም በሩን እንዲከፍት ነው።

ፊልሙ ይህን አይነግረንም። ፊልሙን ደግማችሁ ብታዩት የኮርሊዮኔ ቤተሰብ ገንዘብ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አታዩም። ሠርጉን፣ ቤቱን፣ ብርቱካኑን፣ የተከበሩ ሽማግሌዎችን ታያላችሁ። የሚሞቱትም በብዛት እርስ በርሳቸው የሚገዳደሉ ባለጠመንጃዎች ናቸው። በ1974 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ላይ ፋኑቺ የሚባለው ጉልበተኛ ሰፈሩን ሲግጥ እናያለን፤ እሱንም የሚገድለው ወጣቱ ቪቶ ስለሆነ ለኮርሊዮኔ ክብር ይጨመራል። የሚከፍለውን ባለሱቅ ፊት ለፊት ያቆመው ጌሙ ነው።

ልጁ ሚሞሪ ካርድ አልነበረውም። ሰዓቱ ሲያልቅ ማሽኑ ይጠፋል፣ የተጫወተው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ የታሪኩን መጨረሻ ሳያውቅ ባለሱቅ ማስፈራራቱን ብቻ ጠንቅቆ ተማረ። የቱ ላይ መጮህ፣ የቱ ላይ መተው እንዳለበት እጁ ያውቀው ነበር። ከጀርባው ቆመው የሚያዩት ልጆች «አሁን ተው፣ ይበቃዋል» እያሉ ይመክሩት ነበር።

እናቱ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። ዘይት፣ ሳሙና፣ ከሰል፣ የልጆች ደብተር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከከሰሉ ማዳበሪያ ጀርባ ሆኖ ብር ሲቆጥር ሁለት ጎረምሶች ገቡ። አልጮሁም። «እማማ እንደምን ዋሉ?» አሉ። ስለ ሰፈሩ ጸጥታ አወሩ፤ ሌሊት እነሱ ባይኖሩ ስንቱ ሱቅ እንደሚሰበር ተናገሩ። እናቱ «አውቃለሁ ልጆቼ፣ ተባረኩ» ብለው ለስላሳ ከፈቱላቸው። ከዚያ ብሩን ሰጧቸው። ደረሰኝ የለም። ሲወጡ አንደኛው ከመደርደሪያው ማስቲካ አንስቶ ሄደ።

ልጁ የእናቱን ፊት አየ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ ድምፃቸው አልተለወጠም። ከጭንቅላታቸው በላይ የሚሞላ መለኪያ አልነበረም። የዱቤ ደብተራቸውን አውጥተው የሰጡትን ብር ዕዳ በሚጽፉበት ገጽ ላይ መዘገቡት።

«እማዬ፣ ይሄንን ማን ሊከፍልሽ ነው?» አላቸው።

«ዝም ብለህ ቁጠር» አሉት።

ከዚያ ቀን በኋላ ለረጅም ጊዜ ያን ዲስክ አላስከፈተም። ለምን እንደሆነ ለጓደኞቹ አልተናገረም፤ ምናልባት ለራሱም ግልጽ አልነበረም። ወደ ኳሱ ማሽን ተመለሰ።

ፊልሙን ያየው ከስድስት ዓመት በኋላ ሱሉልታ ነው። አጎቱ ወጣት ሳሉ ቪዲዮ ቤት የሚያዘወትሩ ሰው ነበሩ፤ ብርድ በበዛበት አንድ ማታ ከሰል አቀጣጥለው «ና፣ ይሄን ሳታይ ፊልም አየሁ አትበል» አሉት። ልጁ ተኩስ እየጠበቀ ተቀመጠ። መጀመሪያ የመጣው ግን ጨለማ ውስጥ ያለ የአንድ ሰው ፊት ነው። ቦናሴራ ይባላል፤ ቀባሪ ነው። ልጁ ተደብድባበታለች፣ ፍርድ ቤት ደብዳቢዎቹን ለቅቆበታል። እየለመነ ነው። የሚለመነው ዶን ቪቶ ለረጅም ጊዜ አይታይም። ካሜራው ከለማኙ ፊት ቀስ ብሎ ይርቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው የዶኑ ጀርባ የሚመጣው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጌሙ ላይ የለም» አላቸው።

«የትኛው?»

«የሚለምነው ሰውዬ ፊት።»

አስተያየቱ ትክክል ነበር። የጌሙ ደካማ ጎንም እዚህ ጋ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ጉልበት ከሌለው ሰው ወገን ሆኖ ነው። በሕግ ተስፋ የቆረጠ ሰው ወደ ጉልበተኛ ቤት ለምን እንደሚሄድ፣ ሲሄድም ምን እንደሚያጣ በመጀመሪያው ደቂቃ ያሳያል። ዶኑ ከቦናሴራ ገንዘብ አይቀበልም፤ ወዳጅነቱን ነው የሚጠይቀው፣ ያም ከገንዘብ የከበደ ዕዳ ነው። ጌሙ ደግሞ ባለሱቁን ፊት ለፊት ካቆመው በኋላ ፊቱን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። አስፈራራህ፣ ከፈለ፣ ገቢህ ጨመረ፣ ማዕረግህ አደገ፣ የተሻለ ልብስ ገዛህ። ቀጥል።

መጨረሻውም እንደዚያው ነው። ፊልሙ ላይ ማይክል ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የእህቱን ልጅ ክርስትና ያነሳል፤ ሰይጣንን ትክዳለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ በዚያችው ቅጽበት ሰዎቹ በየቦታው ጠላቶቹን ይገድላሉ። ክርስትና አባት መሆን ምን ያህል ከባድ ቃል ኪዳን እንደሆነ ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው ያ ትዕይንት በእጥፍ ይከብዳል። ጌሙ ላይ ግን ገዳዩ ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ በመኪና ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ አንድ በአንድ ይጨርሳል። ጸሎቱና ግድያው አንድ ላይ መሆናቸው ነበር የፊልሙ ቁም ነገር፤ እዚህ የሥራ ዝርዝር ሆነ። ፊልሙ በሚስቱ ፊት ላይ በሚዘጋ በር ያልቃል። ጌሙ ካለቀ በኋላ የቀሩትን ሱቆች መሰብሰብ ትቀጥላለህ።

ኮፖላ ራሱ ጌሙ ገና ሳይወጣ በ2005 እንዳልተማከረበትና እንደማይደግፈው በይፋ ተናግሯል። ቅሬታው ሰው የሚወዳቸውን ገጸ ባሕርያት ለማስተዋወቂያ ተጠቅመው ቀሪውን ሰዓት መገዳደል አደረጉት የሚል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግን ግድያ ፊልሙም ላይ ሞልቷል። የጌሙ ጥፋት ተጫዋቹን ምንም አለማስከፈሉ ነው። ማይክል ሥልጣኑን ሲያገኝ ወንድሙን፣ የመጀመሪያ ሚስቱን፣ በመጨረሻም የኬይን እምነት አጥቶ ነው። ተጫዋቹ የሚያጣው ጥይት ነው፤ ጥይት ደግሞ ይገዛል።

«ጌም ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?» የሚል አይጠፋም። ይጠበቃል እንጂ። በዚያው ዓመት የወጣው የ«ስካርፌስ» ጌም ላይ ቶኒ ሞንታና ያልታጠቀ መንገደኛን እንዲተኩስ ብታዘው እምቢ ይልሃል። ጌም ተጫዋቹን «አይሆንም» ማለት ይችላል ማለት ነው። በ2013 የወጣው «ፔፐርስ ፕሊዝ» ደግሞ ተጫዋቹን የድንበር ኬላ ሠራተኛ ያደርገዋል። በቀን ባስተናገድከው ሰው ቁጥር ይከፈልሃል፣ ማታ ለቤተሰብህ ምግብና ማሞቂያ ትመርጣለህ፣ ጉቦ ሲመጣ ትፈተናለህ። ጉልበት የሌለውን ሰው ማጫወት ይቻላል፤ ደግሞም ልብ ይሰቅላል። «ጎድፋዘር» አሥር ደቂቃ እንኳ ዳቦ ቤቱን አስይዞን፣ በሩ ሲከፈት ማን እንደሚገባ እንድንጠብቅ ቢያደርገን ኖሮ ከፊልሙ ጎን የሚቆም ሥራ ይሆን ነበር። ሱቁን ሠርቶታል፣ ሰውዬውን አቁሞታል፣ ፍርሃቱን ለክቶታል። የቀረው በእሱ ዓይን ማየት ብቻ ነበር።

ወደ ቡራዩ እንመለስ። ዛሬ ጌም ቤቱ ውስጥ ሦስቱ ቴሌቪዥኖች ኳስ ናቸው። አራተኛው ላይ አሮጌ ፕሌይስቴሽን ቱ አለ፤ ሚሞሪ ካርድም አለው። አንዳንድ ልጅ «ጎድፋዘር» ሲያስከፍት አይከለክልም። በቅርቡ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሥጋ ቤት ገብቶ ባለቤቱን አስፈራርቶ ሲጨርስ ዞር ብሎ ጠየቀው፦

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ አንዴ ነው የሚከፍለው ወይስ ሁልጊዜ?»

«በየሳምንቱ።»

«ከየት አምጥቶ?»

ጌሙ ላይ መልስ የለም። እዚያ ባለሱቅ አይከስርም፣ ዱቤ አይሰጥም፣ ልጅ አያስተምርም፤ ሣጥኑ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ሰውዬው ግን ጆይስቲኩን ከልጁ ተቀብሎ ጌሙን አቆመውና ስለ እናቱ የዱቤ ደብተር ነገረው። ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ሰዓቱ እየሄደ ነው ብለው አጉረመረሙ። ያን ሰዓት አላስከፈላቸውም።

«ይዘጋ» የሚሉ ሰዎች ያን ቀን እዚያ ቢኖሩ ጥሩ ነበር። ቤቱ ቢዘጋ ልጁ ጌሙን በሌላ ቦታ ያገኘዋል፤ ጥያቄውን የሚመልስለት ሰው ግን ላያገኝ ይችላል።