ከሲኒው ሥር

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሐዋርያት ጾም ተፈታ። እማዬ ከማለዳ ጀምሮ ሽንኩርት ስታቁላላ ቤቱ በመዓዛው ታውዷል። እኔ ከሌሊት ሥራ ገብቼ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ተኛሁና ከግሪንውድ ጣቢያ ባቡር ይዤ ወደ መሀል ከተማ ሄድኩ። ናታን ፊሊፕስ አደባባይ፣ ከሁለቱ ጎባጣ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃዎች ፊት ለፊት፣ የቶሮንቶ የአደባባይ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ አለ። በ1961 የተጀመረ ነው (የካናዳን ነገር ስጽፍ ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። መግቢያው ነፃ ነው። ከ300 የሚበልጡ ሠዓሊዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነጭ ድንኳን ተክለው ከሥራቸው ጎን ቆመዋል። ሻጩ ራሱ ሠሪው ነው። ስንት ዓመት በዚህ አደባባይ ጥግ እያለፍኩ ገብቼ አለማየቴ ቆጨኝ።

አንዲት ሸክላ ሠሪ ድንኳን ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ጥቁር ሰማያዊ ኩባያ አነሳሁና ዋጋው የት እንዳለ ለማየት ገለበጥኩት። ከሥሩ፣ ቅቡ ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ የጥፍር ያህል የምታክል የቅጠል ማኅተም አለች። «እሷ እኔ ነኝ» አለችኝ ሴትዮዋ። ዋጋው 46 ዶላር ነበር። ወደ ቦታው ልመልሰው ስል አፈር ከመሆን ተነስቶ እጄ እስኪገባ ያለፈበትን መንገድ ነገረችኝ። ይቦካል፣ በሚሽከረከረው ገበታ ላይ ይወጣል፣ ጠንከር ሲል ሥሩ ይላጋል፣ እጀታው ይለጠፋል፣ ቀናት ይደርቃል፣ ይተኮሳል፣ ቅብ ይጠጣል፣ እንደገና ይተኮሳል። ጋለሪ ሲሸጥላት ብዙ ጊዜ ግማሹን ጋለሪው ይወስዳል። እዚህ ግን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ቆማ የምታገኘው የራሷ ነው። ገንዘቡን ስሰጣት እጇን አየሁት፤ ጥፍሯ ሥር ጭቃ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

እማዬ ዋጋውን ሰማች። «አርባ ስድስት ዶላር! ለአንድ ኩባያ!» አለችና ተቀብላኝ ዞር ዞር አድርጋ አየችው። እሷ ጥጥ ስትፈትል ያደገች ሴት ናት፤ እጅ የሠራውን ከሌላው መለየት አይቸግራትም። አውራ ጣቷን በጎኑ ላይ አሳልፋ የሠሪዋ ጣት የተወው መስመር ላይ ደረሰች፣ እዚያው አቆመች።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን አወራችኝ። በእሷ አገር ገንቦና ምጣድ የምታመጣው ሴትዮ ገበያ ከሌለ ቀን እቤት ድረስ ትመጣ ነበር። «ገንቦዋ ይገባል፤ እሷ ግን ደጅ ትቆማለች። ውኃ ስትጠይቅ በቅል ነበር የምንሰጣት፣ ቅሉም ለእሷ ብቻ ነው።» ስሟን ጠየቅኳት። አታውቀውም። እነዚያ ሴቶች «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል፤ ቀጥቃጩም ሸማኔውም እንዲሁ። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ ይተው ብለው አዋጅ ቢያስነግሩም ስድቡ እስከ እማዬ ልጅነት ድረስ ዘልቋል። ዛሬ ማታ ሁለታችንም ብዙ አላወራንም።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ከቅዳሴ በኋላ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ሃርበርፍሮንት በሚባለው ማዕከል ውስጥ የዕደ ጥበብ መሥሪያ ክፍሎች አሉ፤ ሸክላ፣ ብርጭቆ፣ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅ። ሥራውን በቅርቡ የጀመሩ ባለሙያዎች ቦታና መሣሪያ አግኝተው ለተወሰኑ ዓመታት ይሠሩበታል። መንገደኛም ቆሞ ማየት ይችላል።

እኔ የቆምኩት ብርጭቆው ጋ ነው። ምድጃው ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይነድዳል። አንዲት ወጣት የብረት ቱቦ ነክራ ስታወጣው ጫፉ ላይ የቀላ ነገር እንደ ወፍራም ማር ተንጠለጠለ። ማዞር ለአፍታ ካቆመች ወደ መሬት ይወርዳል፤ ስለዚህ ስትራመድም፣ ስትቀመጥም፣ ጓደኛዋን ስታናግርም ታዞራለች። በውኃ የራሰ ጋዜጣ አጥፋ መዳፏ ላይ ያዘችና የጋለውን ብርጭቆ በዚያ ደባበሰችው። የሚለያያቸው ያ እርጥብ ወረቀት ብቻ ነው። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ሌላኛው ከቱቦው ማዶ ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ ነፋበት፤ ሆዱ ነፋ አለ፣ ማሰሮ መሰለ።

40 ደቂቃ ያህል ለፍተውበታል። መጨረሻ ላይ ከብረቱ ለማላቀቅ መታ ስታደርገው አንገቱ ላይ ተሰነጠቀና ወደቀ። ማንም አልጮኸም። ጠርጋ ባልዲ ውስጥ ጨመረችው፣ ውኃ ጠጣች፣ ቱቦውን እንደገና ነከረች። የተሳካላቸውም ወዲያው አይወጡም። በዝግታ የሚያበርድ ምድጃ ውስጥ ያድራሉ፤ ቶሎ ከቀዘቀዙ ይፈነዳሉና። መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ማሰሮ ዋጋ ውስጥ ባልዲው ውስጥ የገባውም እንዳለበት የገባኝ ያኔ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ከቤተ መጻሕፍት ስለ ሞድ ሉዊስ መጽሐፍ ተውሼ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ የኖረች ሠዓሊ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ የመገጣጠሚያ በሽታ ጣቶቿን አጣምሞባታል። ዓሣ እያዞረ ከሚሸጥ ባሏ ጋር ማርሻልታውን በምትባል መንደር፣ መብራትም የቧንቧ ውኃም በሌላት ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ትኖር ነበር። መንገድ ዳር ሥዕል እንደምትሸጥ የሚናገር ሰሌዳ አቁማ ለአላፊ አግዳሚው በ2 ዶላር፣ ኋላም በ5 ዶላር ትሸጥ ነበር። በሬዎች፣ ድመቶች፣ በረዶ ላይ የሚሄድ ጋሪ፤ ጥላ የሌለው፣ ደማቅ። የጎጆዋን በር፣ መስኮት፣ ደረጃ፣ ምድጃውን ሳይቀር አበባ በአበባ አድርጋዋለች። በ1970 ሞተች። ጎጆዋ እንዳለች ተነስታ ሃሊፋክስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።

ያልለቀቀኝ ታሪክ ይህ ነው። በ1970ዎቹ ለንደን በምትባል የኦንታሪዮ ከተማ አንድ ሠዓሊ በአይብ ሳንዱዊች ምሳ ፋንታ የሞድ ሉዊስን ሥዕል ለምግብ ቤት ባለቤቶች ሰጠ። ጥቁር የጭነት መኪና የተሣለበት ነው። በ2022 ያ ሥዕል በጨረታ 350,000 ዶላር ተሸጠ። ሰው ይህን ሲሰማ በዕድለኞቹ ይደነቃል። እኔ ግን የምቆጥረው መብራት የሌላት ጎጆ ውስጥ ያሳለፈችውን ክረምት ነው። የምወደውን ነገር ሠሪው በሕይወት እያለ፣ ከራሱ እጅ ልግዛ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ፍልሰታ። ማታ ወደ ኦንታሪዮ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በባዶ ሆዴ ሄድኩ።

ከኪንጋይት የመጣ የጉጉት ህትመት ፊት ለፊት ቆምኩ። ኪንጋይት ከባፊን ደሴት አጠገብ ያለች፣ የሰሜኑ የአገሬው ሕዝብ የኢኑዊት መንደር ናት፤ ቀድሞ ኬፕ ዶርሴት ይሏት ነበር። ህትመቱ የተጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በ1959 ተመሠረተ፣ ባለቤቶቹም የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ሠዓሊው በወረቀት ይሥላል። ድንጋይ ጠራቢው ሥዕሉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀርጸዋል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ ስስ ወረቀት ያለብስና በእጁ እያሸ ያነሳዋል። አብዛኛውን ጊዜ 50 ቅጂ ብቻ ይወጣል። ከሠዓሊዋ ከኬኖጁዋክ አሼቫክ ሥራዎች የሚታወቀው «አስማት ያደረባት ጉጉት» በ1960 እንዲህ የተሠራ ነው፤ በ1970 የካናዳ ቴምብር ላይ ወጥቷል።

ከሥር በእርሳስ የተፈረመውን ሳይ ግን ጉጉቱን ረሳሁት። ፊደል ነው! ኤቢሲዲ አይደለም። ስልኬን አውጥቼ ገበታውን ፈለግኩ። ሦስት ማዕዘኑ ወደ ላይ ሲያመለክት «ኢ» ነው፣ ወደ ቀኝ ሲዞር «ኡ»፣ ወደ ግራ ሲዞር «ኣ»። አንዱ ምልክት እየዞረ ድምፁን ይለውጣል፤ የኛ «በ» እግሩን ሰብሮ፣ ቅጥል ጨምሮ ቡ፣ ቢ፣ ባ እንደሚለው። ሀሁ የቆጠረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ዘበኛው ይዘጋል እስኪለኝ ድረስ በጣቴ እየቆጠርኩ ስሙን አነበብኩ። በዚህ አገር 11 ዓመት ስኖር ከላቲን ውጪ የሆነ የአገሬውን ጽሕፈት ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስታው ወደ ቤት ሲያደርሰኝ አልታወቀኝም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

በሥራ ቦታ ይህን ሳወራ አንድ ባልደረባዬ፣ ከአገሬው ሕዝብ ከአኒሽናቤ ወገን ነው፣ ሠዓሊውን ኖርቫል ሞሪሶን አስታወሰኝ። እሱም ሥዕሉን በዚያው ዓይነት ፊደል ነበር የሚፈርመው፤ የፈረመውም «የመዳብ ነጎድጓድ ወፍ» የሚለውን ስሙን ነው። በ1962 ቶሮንቶ ሲያሳይ ሥዕሎቹ ሁሉ ተሸጡለት። በ2007 አረፈ። በ2023 ፖሊስ ስምንት ሰዎችን ከሰሰ፣ ከ1,000 በላይ ሐሰተኛ ናቸው የተባሉ ሥዕሎችንም ያዘ። ስሙን ነው የሰረቁት። ባልደረባዬ ይህን ሲናገር ድምፁ ተለወጠ።

ለኢኑዊት ሥራ ከ1958 ጀምሮ የበረዶ ቤት ሥዕል ያለበት ምልክት አለ፤ እውነተኛ የእጃቸው ሥራ መሆኑን የሚመሰክር። ለቱሪስት የሚሸጡትን ትንንሽ ድቦች ካሁን በኋላ ገልብጬ ሳላይ አልነካም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

ፍልሰታ ትናንት ተፈታ። የእማዬን አንድ ሲኒ በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ሄድኩ። አሮጌ ፋብሪካ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትሠራው። እንዲህ ያለ፣ እጀታ የሌለው፣ ስድስት ሥሪልኝ አልኳት።

ሲኒውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። በመለኪያ ቁመቱን፣ አፉን፣ ሥሩን ለካች፣ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ጭቃዋ ደርቆና ተተኩሶ ሲጨርስ ከመቶ 12 ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ 6 ሴንቲ ሜትር ሲኒ ለማግኘት 6.8 አድርጋ ማውጣት አለባት። «ስንት ጊዜ ነው የምትጠጡት?» አለችኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ነገርኳት፤ ሦስቱንም ጻፈች። ቅድሚያ ግማሹን ከፈልኩ። አምስት ሳምንት ያህል ይፈጃል አለች።

እሑድ፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሲኒዎቹን ባለፈው ሐሙስ አመጣሁ። ትናንት መስቀል ስለነበር ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቆ አልተነኩም፤ ዛሬ ከሰዓት እማዬ ቡና አፈላች። ነጣ ያሉ፣ አፋቸው ላይ ቡናማ ቀለበት ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው ከሥራቸው ቅጠሏ አለችባቸው።

እማዬ አቦሉን ቀዳች። ፉት አለች። ዝም አለች። እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ።

«ቆንጆ ነው፤ ግን ልጄ፣ ከንፈሩ ወፍራም ነው። ሙቀቱን ሲኒው ጠጣው፣ ለኔ የተረፈኝ ለብታ ነው።»

ለቶናው ሲኒዎቹን በሙቅ ውኃ አለቅልቀን ሞከርነው። ተሻለ። የእማዬን ቃል ለሸክላ ሠሪዋ እንዳለ ጻፍኩላት፤ ትከፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መለሰችልኝ። የሚቀጥለውን ስስ አድርጋ ታወጣዋለች፤ ግን ከዚያ በፊት ሰው ሲኒውን እንዴት እንደሚይዘው፣ ጣቱ የት ላይ እንደሚያርፍ በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች።

ለእማዬ ነገርኳት። «ትምጣ» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ስሟ ማነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ለራሷ ደገመችው፣ አንዷ ፊደል ከበድ ብትላትም። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች። ፈንዲሻ አልቋል፤ ነገ ከሥራ ስመለስ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ እገዛለሁ።