በሥራው ካርታ ላይ ማን ይግባ?



የሕክምና ተማሪ ስለ ሥራ አመራር ሶፍትዌር መጻፉ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ይህ የንግድና የኮምፒዩተር ተማሪዎች ጉዳይ ነው የሚል ወገንም አይጠፋም። ነገር ግን በሽተኛ የሚድነው በሐኪሙ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ከበር እስከ አልጋ በሚያልፍበት አሠራር ጭምር ነው። አሠራሩ ከታመመ መድኃኒቱ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ስለሆነም በልምምድ ላይ ሳለሁ ያየሁትንና እስከ ዛሬ ከራሴ ጋር የሚያከራክረኝን አንድ ጥያቄ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። የሥራ ሂደትን መንደፍ ማለት አንድ ሥራ ከየት ተነስቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ የት ላይ ውሳኔ አግኝቶ፣ የት እንደሚያበቃ በሥዕል ማሳየት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬዝ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1921 የሥራ ሂደት ሠንጠረዥን ለአገራቸው የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቅርበዋል። ፍራንክ ጊልብሬዝ የቀዶ ጥገና ክፍልንም አጥንቷል፤ ሐኪሙ መሣሪያ ፍለጋ ዓይኑን ከቁስሉ ላይ እንዳያነሳ ሌላ ሰው በእጁ ያቀብለው የሚል ሐሳብ አቅርቧል።

ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉ ልዩ ልዩ ሶፍትዌሮች አሉ። ቪዚዮ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የታወቀ ነው፤ ቢዛጂና ካሙንዳ ደግሞ ለዚሁ ተግባር ተብለው የተሠሩ ናቸው። አብዛኞቹ ቢፒኤምኤን በተባለው የምልክት ቋንቋ ይጠቀማሉ። ይህ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ፤ ሁለተኛው ዕትሙ በ2011 ታተመ፤ በ2013 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ክብ መነሻንና መድረሻን፣ ሣጥን ተግባርን፣ ዳይመንድ የመንገድ መለያያን፣ ቀስት ቅደም ተከተልን ያሳያል። ገጹ በረድፍ በረድፍ ይከፈልና እያንዳንዱ ረድፍ ለአንድ ባለሥራ ይሰጣል፤ አንዱ ለመዝጋቢው፣ አንዱ ለነርሷ፣ አንዱ ለሐኪሙ።

ከተራ ሥዕል የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በተራ ወረቀት ላይ «ውጤቱ ለሐኪሙ ይደርሳል» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ገጹ በረድፍ ከተከፈለ ግን ሣጥኑ ከአንድ ሰው ረድፍ ውስጥ መግባት አለበት። እንግዲህ ማን ነው የሚያደርሰው? መልስ ከሌለ ሣጥኑ ቦታ አያገኝም። አንዳንዶቹ ሶፍትዌሮች መጨረሻ የሌለው መንገድ ሲያገኙ ስሕተት ብለው ያመለክታሉ፤ በየሣጥኑ የተጻፈውን ማብራሪያ አሰባስበውም የአሠራር መመሪያ አድርገው ያወጣሉ።

አሁን ወደ ራሴ ገጠመኝ ልለፍ። የተመደብኩበት ሆስፒታል፣ ስሙን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፣ ደረቱን አሞት የመጣ ሰው የሚያልፍበትን መንገድ እንድንነድፍ ለሦስት ተማሪዎች ሥራ ሰጠን። የዚህ በሽተኛ ጉዳይ ጊዜ የማይሰጥ ነው። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ማለትም ኢሲጂ፣ በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ በሐኪም እንዲታይ የሙያው መመሪያዎች ያዛሉ። የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ከሆነ በየደቂቃው የልብ ጡንቻ ይሞታልና።

በቅድሚያ አለቆቹን ጠየቅን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ንጹሕ ካርታ ወጣ፤ ነርሷ ታነሳለች፣ ሐኪሙ ያነባል። ሁለት ሣጥን፣ አንድ ቀስት። ቀጥለን መዝጋቢዎቹን አነጋገርን። እነሱ ሥራቸውን እንደ አረብኛ ጽሕፈታቸው ከቀኝ ወደ ግራ ሣሉልን። በሥዕላቸው ላይ አለቆቹ ያልነገሩን ነገር ተገኘ፤ በሽተኛው የካርድ ቁጥር ሳይኖረው ኢሲጂው አይነሳም፤ ቁጥሩን ለማውጣት ደግሞ ቤተሰቡ ይሰለፋል። በመጨረሻም ወረቀቱን ራሱን ተከተልነው። ኢሲጂው ከተነሳ በኋላ ወረቀቱ በነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ባለች ትሪ ይቀመጣል። ከትሪዋ ወደ ሐኪሙ የሚያደርሰው ማን ነው? ሁሉም «ሌላ ሰው» አሉን።

ያ ሌላ ሰው ክፍሉን የሚያጸዱ የአገራችን ሴት ሆነው ተገኙ። ዕድሜያቸው ከእናቴ ብዙም ስለማያንስ እትዬ እላቸዋለሁ። በአማርኛ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ትሪዋ ላይ ወረቀት ሳይ አንስቼ ለዶክተሩ እሰጣለሁ። ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ፣ ወረቀቱ እዚያ ተኝቶ፣ እኔ ዝም ብዬ ወለል ልወልውል?»

እንግዲህ ሐቀኛ ካርታ ለእትዬ ረድፍ መስጠት ነበረበት። ነገር ግን የጽዳት ሠራተኛ የበሽተኛ ወረቀት መንካት ክልክል ነው፤ የቀጠራቸው ድርጅት ቢሰማ ያባርራቸዋል። ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ እባክህ ካርታህ ውስጥ አታግባኝ፤ እንጀራዬ ነው» አሉኝ። ሦስታችን ተከራከርን። አንዱ ጓደኛችን እውነቱን ያልያዘ ሰነድ ምን ይጠቅማል አለ፤ ሌላዋ ደግሞ ሰው የሚጎዳ ሰነድ አልፈርምም አለች።

መፍትሔውን ያገኘነው ከድሮው ሠንጠረዥ ነው። የዚያው የመሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጣው ደረጃ አምስት ምልክቶች ነበሩት፤ ከነዚህ አንዱ፣ በላቲኗ ዲ ፊደል ቅርጽ የተሠራው፣ የመዘግየት ምልክት ነው። በዛሬው ቋንቋ ሰዓት ያለበት ክብ ቢኖርም ባለቤት የሌለው መጠበቅ ብዙ ጊዜ በቀስቱ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። እኛ ቀስቱን ቆርጠን «ወረቀቱ በትሪ ላይ ይቆያል፤ የሚያደርስ የተመደበ ሰው የለም» ብለን ጻፍን፤ ቆይታውንም በሰዓት ለክተን አሰፈርን። የትም ቦታ ሐሰት አልጻፍንም፤ እትዬንም አልጠቀስንም። ክፍሉ ኢሲጂው ከካርድ በፊት እንዲነሳ፣ ነርሷም ወረቀቱን በእጇ ለሐኪሙ እንድታሳይ ተስማማ።

ሥራው ተሳክቷል ልትሉ ትችላላችሁ። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያ ሰነድ በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ ለሚመጡት ሁሉ ይነበባል፤ የእትዬ ውለታ ግን የትም አልተመዘገበም። ስማቸውን የሸፈንነው ለደኅንነታቸው ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህ ጥያቄ ይከተለናል። ታላላቆቻችን በ2000 ዓ.ም. ገደማ በየመሥሪያ ቤቱ የተካሄደውን ቢፒአር ያስታውሱታል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያም ስለ በሽተኞች ፍሰት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበረው። ስለዚህ ካርታ መንደፍ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ነገር ግን አስታማሚ የምንለው ሰው፣ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን የሚዞረው፣ ናሙና ወደ ላብራቶሪ የሚያደርሰው፣ ሌሊት ከአልጋው ሥር የሚተኛው፣ በየትኛው ረድፍ ይገባል? እሱን ሳይጨምር የተነደፈ ካርታ፣ አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ሲመጣ መንገዱ ይቋረጣል።

ስለሆነም ይህን ሙያ ለምትማሩ ወገኖቼ የማሳስበው ይህን ነው። ከአለቃው ጀምሩ፣ በአለቃው ግን አትጨርሱ። ወረቀቱን በእግራችሁ ተከተሉት። የጠየቃችሁትን ሰው፣ የነገራችሁ ነገር ይጎዳው እንደሆነ ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁት። መጠበቅንም እንደ ሥራ ቆጥራችሁ ሣጥን ስጡት።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለኝ። በዚህ ጽሑፍ ረድፍ፣ ሣጥን፣ ቀስት እያልኩ የተጠቀምኩባቸው ቃላት ከራሴ የመነጩ ናቸው። የኮምፒዩተርና የሥራ አመራር ተማሪዎች የተሻለ የአማርኛ ስያሜ ካላችሁ በሚቀጥለው ዕትም ጻፉልን። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋና እትዬ ራሳቸው አንብበው «ይህ ትክክል አይደለም» ሊሉ የሚችሉት በሚገባቸው ቋንቋ ሲጻፍ ነውና።