የተጋመሰ መጽሐፍ

ደብረ ታቦር ላይ ሰው ሰላም ከተባባለ በኋላ የሚጠያየቀው ብዙ ነው። ዝናቡ፣ ገብሱ፣ ድንቹ፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የመንገዱ ሰላም ተራ በተራ ይነሣል። በዚህ ሁሉ መካከል ሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ የታየ እንደሆነ «ምን እያነበብህ ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄውን እወደዋለሁ። መልሱን ግን በሙሉ ልቤ አላምነውም። የአገሬ ሰው ስንት ከብት እንዳለው ሲጠየቅ አሳንሶ ነው የሚናገር፤ ዓይን ይፈራል፣ ግብርም ይፈራል። ስለ ንባቡ ሲጠየቅ ግን አተልቆ ይናገራል። ከትራሱ ሥር ያለው የስለላ ልብ ወለድ ሆኖ ሳለ ከአፉ የሚወጣው የአንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ስም ነው፤ ያውም መግቢያውን ብቻ ያየው።

ጥፋቱ የመላሹ ብቻ አይመስለኝም። «ምን እያነበብህ ነው?» ርእስ የሚጠይቅ ጥያቄ ነው፤ ርእስ ደግሞ ሽፋን ያየ ሁሉ ይጠራዋል። «የት ደረስህ?» ቢባል ግን መሸሻ የለም። በእጅ ያለ መጽሐፍ ሁልጊዜ የተጋመሰ መጽሐፍ ነው። ያለቀው አልፏል፣ ያልተጀመረው ምኞት ነው። ሰው እያነበበ ያለው ያንን ወረቀት አጥፎ ያቆመበትን ቦታ ብቻ ነው።

ይህን ጥያቄ ሳይዋሽ የሚመልስ ሰው ማግኘት የፈለገ ወደ ወንዛዬ ይውረድ። የወንዛዬ ፍል ውኃ መታጠቢያ ሆኖ የኖረው ከዛሬ ጀምሮ አይደለም። ቁርጥማት የያዘው፣ ወገቡን የሚያመው፣ ቆዳው የታመመ፣ ሐኪም ቤት የሰለቸው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ይመጣና ለቀናት ይሰነብታል። የፍል ውኃ ሰው ሥራው መነከርና መጠበቅ ነው። ጧት ይነከራል፣ ማታ ይነከራል፤ በመካከሉ ያለውን ረጅም ቀን የሚገፋበት ነገር ያስፈልገዋል። ወሬ ያልቃል፤ በሽታም ተወርቶ ተወርቶ ያልቃል። ያኔ ከየስልቻው መጽሐፍ መውጣት ይጀምራል።

የሚወጣውን ማየት ደስ ይላል። ድርሳነ ሚካኤል፣ ተአምረ ማርያም፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ ደራሲው የማይታወቅ ልብ ወለድ፣ ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ የባዮሎጂ መጽሐፍ። ነጠላ ብቻ አገልድሞ፣ ውኃው ከራሱ ላይ እየተንጠባጠበ የተቀመጠ ሰው ለታይታ አያነብም። አንዱን ሽማግሌ «አባቴ፣ ምን ይዘዋል?» ብትላቸው «ዳዊት ነዋ! ሰኞ አይደለም እንዴ?» ይሉሃል። መልሱ ያለቀው እዚህ ነው። ዳዊት ደጋሚ በሳምንት ቀናት ከፍሎ ነው የሚደግመው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30 ያለውን መዝሙር ይላል፣ ማክሰኞ ከዚያ ይቀጥላል፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያትንና መኃልየ መኃልይን ይዞ ይዘጋል። ቀኑን ከነገረህ የት እንደ ደረሰ ዐወቅህ ማለት ነው። አንድ መጽሐፍ ዕድሜ ልኩን ያነብባል፤ በየሳምንቱ ይጨርሰዋል፣ በየሳምንቱ ይጀምረዋል። እኛ በዓመት ስንት መጽሐፍ እንዳነበብን የምንፎካከረው ሰዎች ይህን በምን እንደምንቆጥረው አላውቅም።

ከሁሉ የሚገርሙኝ ግን ፊደል ያልቆጠሩት ናቸው። ሰባተኛ ክፍል የደረሰች የልጅ ልጇን ከአጠገቧ አስቀምጣ የምታስነብብ እናት አለች። ልጅቱ መጽሐፉን ስትገልጥ ገጹ ይጠፋታል። አያቲቱ ግን «ትናንት ሰውዬው በቅሎውን ጭኖ ሲወጣ ነው እኮ ያቆምሽው!» ትላታለች። ከሁለቱ የትኛዋ ናት አንባቢዋ? እኔ ለአያቲቱ እፈርዳለሁ።

በዚህ በደጋው አገር «የት ደረስህ?» የሚለው ጥያቄ ጥንት የነበረ ነው፤ ጠያቂዎቹም የአብነት ተማሪዎች ናቸው። ሁለት ተማሪዎች አኩፋዳቸውን እንዳንጠለጠሉ መንገድ ላይ ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት አገርንና ትምህርትን ነው። የመልሱ ደረጃ ከሕፃንነት ይጀምራል። ፊደል፣ አቡጊዳ፣ ሐዋርያ፣ ወንጌል፣ ዳዊት። ዳዊት የደገመ ልጅ ቤተሰቡ ጠላ ጠምቆ ጎረቤት ይጠራለታል፤ ዛሬ ለምረቃ እንደሚደገሰው መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ትምህርቱ በአገር ይከፈላል። ድጓን ለመመስከር ጋይንት ቤተልሔም ይኬዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል፤ የተክሌን አቋቋም የሻተ ደብረ ታቦር ይመጣል። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና እንዳመጡት የሚነገረው፣ በልጃቸው ስም የሚጠራው ያ ዝማሜ ዛሬም መታወቂያችን ነው። እኒያ ቀልዳቸው በየሻይ ቤቱ የሚደገም ሊቅ ከወረቀት ይልቅ በሰው አፍና በሰው እግር መኖራቸው ይደንቀኛል።

እንግዲህ በዚህ ዓለም ውስጥ የንባብህ ቦታ የምድር ቦታም ነው። «ዙር አምባ ነኝ» ያለ ሰው የያዘውን መጽሐፍም ተናግሯል። ድጓ ቤት ያለው ደግሞ «ዮሐንስ ላይ ነኝ»፣ «አስተምህሮ ላይ ነኝ»፣ «ፋሲካ ደርሻለሁ» ይላል፤ እነዚህ የድጓው ክፍሎች የዓመቱም ወቅቶች ናቸውና። መዋሸት አይቻልም፤ የኔታ አሉ። አንዳንዶቹ የኔታዎች ዓይነ ስውር ናቸው፤ ተማሪው ሲያዜም ከወዲያ ጥግ ተቀምጠው አንዲት የሳታት ምልክት ካለች «ተመለስ!» ይላሉ። መጽሐፉ ከተማሪው ፊት ነው፤ አንባቢው ግን እሳቸው ናቸው። በጥንቱ ልማድ የድጓ ተማሪ መጽሐፉን የሚያገኘው ራሱ በብራና ጽፎ ነበር። ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማሳደር የሚባል ነገር የለም፤ ያልደረሰበት ገጽ ገና አልተጻፈም። ይህን ሥርዓት ለማሞገስ ብቻ አላነሣሁትም። በረኃቡና በውሻው፣ በእከኩና በአለንጋው ስንቱ ሕፃን ከመንገድ እንደ ቀረ እናውቃለን። ግን ሥርዓቱ ንባብን የሚሰማ ጆሮ ነበረው፤ የጎደለን እሱ ነው።

መጽሐፉ ተጋምሶ ሳለ ሌላ ሰው የወሰደበት አንባቢስ? ይህን የማስበው ወደ ጋፋት በሄድሁ ቁጥር ነው። ጋፋት ከደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ናት። ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስቾና የመጡት ሚስዮናውያን አገራችን የገቡት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው፣ ሊያስነብቡ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ጋፋት አስቀምጠው መድፍ አሠሯቸው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው በእነዚሁ መጽሐፍ አዳዮች እጅ ነው። ንጉሡ መጽሐፍ ጠልተው እንዳይባል፣ መጽሐፍ ሰብሳቢም ነበሩ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ የየአድባራቱን መጻሕፍት አስወሰዱ፤ መቅደላ ላይ ሊሠሩት ላሰቡት መድኃኔ ዓለም ይሆናሉ ብለው። በ1860 ጥቅምት ደብረ ታቦርን ራሷን አቃጥለው ያንን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ወጡ። ሚያዝያ ላይ እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ ወደ 1,000 የሚጠጋ መጽሐፍ አገኙ። የዘረፉትን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጫኑት። 350 ያህሉ ብራና ለንደን ገባ፤ ብዙውን ደግሞ መንገድ ላይ ለትግራዩ ጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ትተውት ሄዱ።

ታሪኩ ሲነገር ቁጥሩና ዝሆኑ ይነሣል፤ ንጉሡና የእንግሊዞቹ ጄኔራል ይነሣሉ። እኔን የሚከነክነኝ ግን የጎንደሩ ደብተራ ነው። ከአንዱ ደብር ዕቃ ቤት አስወጥቶ፣ አትሮንስ ላይ ዘርግቶ፣ ነገ እቀጥላለሁ ብሎ ክር ያስገባበት ሰው ይኖር ይሆናል። ነገ ሲመጣ መጽሐፉ የለም። ዛሬ ከእነዚያ ብራናዎች አንዳንዶቹ ፎቶ ተነሥተው በኮምፒውተር ይታያሉ፤ ሰው በውስጣቸው የሚፈልገው ግን ሥዕሉን ነው። ያ ሰው የት ደርሶ እንደ ነበር የሚጠይቅ የለም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በየከተሞቻችን መጽሐፍ የሚያከራዩ ሱቆች ነበሩ፤ ሳንቲም ከፍሎ፣ ማስያዣ ሰጥቶ መውሰድ ነበር። የኪራይ መጽሐፍ ቀን ስለሚቆጠርበት እንቅልፍ ያሳጣል፤ ባለቤቱም ሲመለስለት «አልቋል?» ሳይል አይቀበልም። «ገና ነው» ያለ ሌላ ሳንቲም ይጨምራል። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ ኦሮማይ ወጥቶ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ በየካቲት 1976 ደግሞ በዓሉ ራሱ ወጥቶ ሲቀር፣ መጽሐፉን ያነበበ ሰው አነበብሁ አይልም ነበር። በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ለአንድ ሌሊት እየተዋሰ ዞረ። ከዚያ ዘመን ሰዎች ጋር ስናወራ ስለ ሴራው ብዙ አይሉኝም፤ ከማን እንደ ተዋሱትና ንጋት ላይ ለማን እንዳሻገሩት ግን አንድ በአንድ ያስታውሳሉ። ምናልባት ዋሽተው የማያውቁት አንባቢዎቻችን እነዚህ ይሆናሉ። ስለ ንባባቸው ማንም እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም ነበርና!

በሬዲዮም ንባብ ነበረ። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው አገር ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ሆነ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ወፍራም መጽሐፍ የማያነበው ቤት ሁሉ ገባ። የሰማው ሰው ገጽ አይጠራም፤ «በዛብህ ገና ዲማ ነው» ይላል፤ ልክ እንደ ቆሎ ተማሪው ቦታ ይጠራል። ዛሬ ግን ጎልማሶቻችንን ስለዚህ መጽሐፍ ስጠይቅ ሁሉም «እየደገምሁት ነው» ይሉኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ እያነበብሁት ነው የሚል ጎልማሳ ለምልክት አላገኘሁም። ያንን መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንበብ ዕድል የቀረለት ሰው ባገኝ ብቀናበት እንጂ አልታዘበውም ነበር።

አሁን ወጣቱ ከስልኩ ነው የሚያነብ። ፒዲኤፉ በቴሌግራም ይደርሰዋል፤ ደራሲው አንዲት ሳንቲም ሳያገኝ። ይህ ስርቆት ነው፣ ሌላ ስም የለውም፤ ግን ከደብረ ታቦር ተነሥቶ አዲስ አበባ ለገሃር ድረስ አሮጌ መጽሐፍ ፍለጋ የሚሄድበት ብር የሌለውን ልጅ ፊት ለፊት እየተመለከትሁ ይህን መናገር ይከብደኛል። የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። ስልክ ውስጥ ያለ መጽሐፍ ከውጭ አይታይም። ልጁ ቅኔ ያንብብ፣ መልእክት ይጻፍ፣ ኳስ ይይ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ «የት ደረስህ?» የሚለውም የለም።

እንዲህ እያልሁ ስነጫነጭ ግን ወደ ወረታ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት መነኩሴ አሳፈሩኝ። ከጎናቸው ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም።

«ምን አለበት ልጄ፣ ከሱ ውስጥ?»

«መጽሐፍ ነው አባ። ልብ ወለድ።»

«እኮ የት ደረስህ?»

ልጁ ስክሪኑን አየት አደረገና «አርባ ሁለት ፐርሰንት» አለ።

«እሱ ደግሞ የት ነው? ጋይንት ነው ስማዳ?»

ሚኒባሱ ሳቀ። ልጁም ሳቀና «ግማሹ አልሞላም ማለት ነው አባ» አላቸው።

«እንዲያ በለኛ! በል ካቆምህበት ጮክ ብለህ ቀጥል፤ ወረታ ገና ነው።»