ቀን የጠፋው ማሽን

ቀን የጠፋው ሰው ምን ያደርጋል? ይጠይቃላ! «ዛሬ ስንት ነው?» ይላል፤ አያፍርም። ቀን የጠፋው ኮምፒዩተር ግን አይጠይቅም። የኔም ነገር ከዚሁ ይጀምራል።

ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከአምቦም እስከ ጉደር፣ ድሮ ራፖር ጸሐፊ ይቀመጥበት በነበረው መንገድ ዳር ዛሬ ማመልከቻ በኮምፒዩተር የሚጻፍባቸው ጠባብ ሱቆች አሉ። ከነዚህ በአንዱ ወረፋ ስጠብቅ አንዲት እናት የመሬት ማመልከቻ ያስጽፉ ነበር። መብራት ሄዶ መጣ። አሮጌው ማሽን ሲነሣ ቀኑን ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 አለ። ቀን የሚያስገባው ራሱ ነውና ወረቀቱ እንዲሁ ታትሞ ወጣ።

«እስቲ አንብቢልኝ፣ ልጄ» አሉ። ጸሐፊዋ አነበበች።

«በ1980ማ እኔ መች ተዳርኩና!»

ሳቅን። ግን ነገሩ የሚያስቅ ነው እንዴ? የመሬት ክርክር'ኮ በቀን ይረታል፣ በቀን ይረታበታል። ደሞ ስሕተቱ ድርብ ነው፦ የማሽኑ 1980 በፈረንጅ ነው፤ በኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 መሆኑ ነው። መዝገብ ቤት ያለው ሰው ግን እንደኛው 1980 ብሎ ያነበዋል። አንድ ቁጥር፣ የስምንት ዓመት ልዩነት!

ምክንያቱ ትንሽ ነው። በማሽኑ ሆድ ውስጥ፣ መብራት ቢጠፋም ሳንቲም በምታክል የ3 ቮልት ባትሪ የሚቆጥር ሰዓት አለ፤ ክሪስታሉ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ባትሪዋ ስትሞት ቆጠራው ይጠፋል። ያን ጊዜ ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች ወደ 1980 ይመለሳሉ፤ ዶስ የተባለው ሥርዓት ዘመን መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ነውና። በ1984 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ኤቲ የሰዓት ቺፕ ደግሞ ዓመቱን የሚይዘው በሁለት አኃዝ ነበር። «00» ሲል 1900 ይሁን 2000 የሚለየው ሌላ ነው። ዓለም በፈረንጅ 2000 መግቢያ የተሸበረው በዚህ ዓይነቱ ቁጠባ ነበር፤ ያ ቀን ለኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ነው። የኛው 2000 የገባው በእነሱ ሴፕቴምበር 2007 ነው።

ሽማግሌዎቻችን «በጣሊያን ጊዜ»፣ «በድርቁ ዓመት» ይላሉ። ልክ ቀኑን አይነግሩንም፤ ግን ያልያዙትን ያዝን አይሉም፣ ምስክርም አላቸው። ማሽኑ ምስክር የለውም፤ ያላወቀውንም እንዳወቀ አድርጎ፣ በሚያምር ፊደል ያትመዋል። ያመረ ፊደል ደግሞ ይታመናል።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ ባትሪዋ ትለወጥ፤ ብርቅ አይደለችም። እስክትለወጥ ግን፣ ጣት ከመፈረሙ በፊት ቀኑ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ማንበብ ለማይችሉት ይህ ውለታ አይደለም፤ ዕዳችን ነው።